የማይለቅ ማሳከክ፦ ችፌ በአዋቂዎች ላይ
እንዴት እንለየው? እንዴትስ እንያዘው?



በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው በብዙ ቤት ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን «ማሳከክ ደግሞ ምን በሽታ ነው?» ተብሎ የሚናቅ ችግር ነው። ሕዝባችን ችፌ ይለዋል፤ ሐኪሞች ደግሞ ኤክዜማ ይሉታል። ችፌ ሰውን በአብዛኛው አይገድልም። ሆኖም የሌሊት እንቅልፍ ይነሳል፤ ሥራ ያስፈታል። እጁ የተሰነጣጠቀ ሰው ወንድሙን ለመጨበጥ ይሳቀቃል፤ ከጀመዓው ጋር በአንድ ማዕድ ለመቅረብ ያፍራል። ወጣት ሴቶችና ወንዶች በዚሁ ምክንያት ስለ ትዳር ማሰብ እስከ መተው ይደርሳሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ብዙዎች እፎይታ ፍለጋ ሲሉ ከየገበያው ኃይለኛ ቅባት እየገዙ ቆዳቸውን ከመጀመሪያው ሕመም በባሰ ሁኔታ መጉዳታቸው ነው። ስለዚህ ችፌን እንዴት እንደምንለየው፣ ምን እንደሚያባብሰውና በቤታችን ምን ማድረግ እንደምንችል ቀለል አድርገን እንመልከት።

ችፌ ምንድን ነው?

የቆዳችን ላይኛ ክፍል እንደ ቤት ግድግዳ ነው። ምርጊቱ ደህና ሲሆን ነፋስና ዝናብ አያስገባም፤ የውስጡንም ሙቀት ይጠብቃል። ምርጊቱ ሲረግፍ ግን ብርድ ይገባል፣ ጎርፍ ያርሰዋል፣ ተባይም መግቢያ ያገኛል። ችፌ ያለበት ሰው ቆዳ እንደዚያ ምርጊቱ እንደ ረገፈ ግድግዳ ነው። በውስጡ ያለው እርጥበት እየተነነ ይደርቃል። ሳሙና፣ ሽቶ፣ አቧራና ጀርም በቀላሉ ዘልቀው ይገባሉ። ሰውነታችንም እነዚህን እንግዳ ነገሮች ለመዋጋት ሲነሳ ቆዳው ይቆጣል፣ ያሳክካል።

ይህ የግድግዳ ድካም ከፊሉ በዘር የሚተላለፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎች ፊላግሪን የተባለ፣ ቆዳን የሚያጠነክር ፕሮቲን የሚሠራው ዘር (ጂን) ጉድለት ሲኖርበት ለችፌ እንደሚያጋልጥ አረጋግጠዋል። ለዚህም ነው ችፌ ባለበት ቤተሰብ ውስጥ አስምና በአበባ ወይም በአቧራ የሚነሳ የአፍንጫ አለርጂ አብረው የሚታዩት። ብዙዎች ችፌ የሕፃናት በሽታ ብቻ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በልጅነት የነበረው በአዋቂነት ሊመለስ ይችላል። ልጅ ሳሉ ምንም ሳይኖርባቸው ካደጉ በኋላ የሚጀምራቸውም ጥቂት አይደሉም። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ይህ ዓይነቱ ችፌ ካለባቸው አዋቂዎች መካከል ከአራቱ አንዱ ገደማ ሕመሙ የጀመራቸው ካደጉ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ይታወቅ፦ ችፌ አይተላለፍም። በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት፣ በአንድ ምንጣፍ ላይ በመስገድ፣ ልብስ በመዋዋስ ወይም በትዳር ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። የንጽሕና ጉድለት ያመጣው በሽታም አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚባባሰው ከመጠን በላይ በመታጠብ ነው።

በአዋቂ ላይ ምን ይመስላል?

የችፌ ዋነኛ ምልክት ማሳከክ ነው። ጨርሶ የማያሳክክ ከሆነ ችፌ መሆኑን መጠራጠር ይገባል። በአዋቂዎች ላይ አዘውትሮ የሚወጣው በክርን እጥፋት፣ በቋንጃ፣ በአንገት ዙሪያ፣ በዐይን ቆብ፣ በእጅ አንጓና በተለይም በእጅ ላይ ነው። በመጀመሪያ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሻክራል፣ ይቅላል። ሲቆጣ ጥቃቅን ውሃ የቋጠሩ ነገሮች ያወጣል፣ ያዣል፣ ከዚያም ቅርፊት ይሠራል። ለወራት ከታከከ ደግሞ ቆዳው ይወፍራል፤ መስመሮቹም ጎልተው ይታያሉ።

በሕክምና መጻሕፍት «ቀይ ሽፍታ» ተብሎ የተጻፈው በነጭ ቆዳ ላይ የሚታየው ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ በግልጽ አይታይም። ይልቁንም ቡናማ፣ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ መልክ ይይዛል። አንዳንዴም በየፀጉሩ ሥር የዝይ ቆዳ የመሰሉ ጥቃቅን እብጠቶች ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በዐይን ከማየት ባሻገር በእጅ ዳስሶ መሻከሩን፣ መወፈሩንና መሞቁን ማስተዋል ይጠቅማል። ችፌው ከዳነ በኋላም ቦታው ጠቁሮ ወይም ነጣ ብሎ ለወራት ይቆያል። ይህ ጠባሳ ሳይሆን የቀለም ለውጥ ነው፤ ችፌው ዳግም እንዳይነሳ ከተጠበቀ ቀስ በቀስ ይመለሳል።

ችፌ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ከላይ የገለጽነው ከዘር ጋር የተያያዘው ነው። ሌሎቹን በአጭሩ እንመልከት።

- የንክኪ ችፌ፦ ቆዳን ከሚያቃጥል ወይም አለርጂ ከሚያስነሳ ነገር ጋር በመነካካት ይመጣል። የቤት ሠራተኞች፣ የፀጉር ሠሪዎች፣ የግንበኞችና የምግብ አብሳዮች እጅ በዚህ ይጠቃል።
- የቅባታም ቦታዎች ችፌ፦ በራስ ቆዳ (ፎረፎር)፣ በቅንድብ፣ በአፍንጫ ጎንና በጢም ውስጥ ቅርፊት እየሠራ ይወጣል።
- ክብ ችፌ፦ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ በእግርና በክንድ ላይ ይታያል። በዚህ የተነሳ ከጭርት ጋር ይምታታል።
- በመዳፍና በጣቶች ጎን ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ነገሮች የሚያወጣ፣ እጅግ የሚያሳክክ ችፌ።
- የእግር ደም ሥሮች ችፌ፦ የደም ሥራቸው ያበጠ፣ ረጅም ሰዓት የሚቆሙ ወይም በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ያለው ቆዳ ይጠቁርና ያሳክካል።

ችፌ የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ

በመድኃኒት ረገድ ትልቁ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

እከክ፦ በዐይን በማትታይ ጥቃቅን ተባይ የሚመጣና የሚተላለፍ በሽታ ነው። ሌሊት ላይ ይብሳል፤ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በእምብርት ዙሪያና በብልት አካባቢ ይወጣል። ዋናው መለያው ከቤተሰቡ ከአንድ ሰው በላይ ማሳከኩ ነው። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ወቅት በአማራ ክልልና በሌሎችም አካባቢዎች እንደ ወረርሽኝ ተስፋፍቶ እንደነበር ይታወሳል። እከክ በቤት ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ካልታከሙ አይወጣም።

ጭርት፦ በፈንገስ የሚመጣ ነው። ዳር ዳሩ ከፍ ብሎ ቅርፊት ይዞ፣ መሐሉ እየጸዳ ይሰፋል። በእግር ጣቶች መካከል ነጭ ሆኖ የሚላላጥና የሚያሳክክ ነገር ካለም ብዙውን ጊዜ ፈንገስ እንጂ ችፌ አይደለም። ከውዱእ በኋላ የጣቶችን መካከል ሳያደርቁ ካልሲ መልበስ ይህንን ያባብሳል።

ሥጋ ደዌ፦ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ የማያሳክክ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት በቆዳ ላይ ከታየ ሳይውል ሳያድር መመርመር ያስፈልጋል። ሕክምናው በነፃ የሚሰጥና የሚያድን ነው፤ አደጋው የሚመጣው ከመዘግየቱ ነው።

የስግደት ምልክት፦ በግንባር፣ በጉልበትና በተለይ ተቀምጠው ሲሰግዱ መሬት በሚነካው የቁርጭምጭሚት ጎን ቆዳው ሊወፍርና ሊጠቁር ይችላል። ይህ በመጫን የመጣ መጠንከር ነው፤ አያሳክክም፣ ሕክምናም አይሻም።

ምን ያባብሰዋል?

የችፌ ባለቤት መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የራሱን ቀስቃሽ ነገር ነው። ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። ሆኖም በእኛ ኑሮ ውስጥ ጎልተው የሚታዩት የሚከተሉት ናቸው።

ውሃና ሳሙና፦ እጃቸው በቀን ከ2 ሰዓት በላይ በውሃ ውስጥ የሚቆይ ወይም በቀን ከ20 ጊዜ በላይ እጃቸውን የሚታጠቡ ሰዎች ለእጅ ችፌ የተጋለጡ ናቸው። ልብስና ዕቃ የምታጥብ እናት፣ በቤት ውስጥም ሆነ በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ በረኪናና የጽዳት ኬሚካል ስትነካካ የምትውል እህት፣ ልጅ የምታሳድግ ወላጅ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። መፍትሔው ጓንት ነው። ነገር ግን የላስቲክ ጓንት ብቻውን እጅን ያልባል። ከውስጡ ስስ የጥጥ ጓንት ይደረግ፤ ከ20 ደቂቃ በላይም ሳያወልቁ አይቆዩ። በረኪናና ሌላ የጽዳት ኬሚካል ፈጽሞ አይቀላቀሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል።

የማዕድ ቤት ቅመሞች፦ ነጭ ሽንኩርት መላጥና መክተፍ የጣት ጫፍን የሚሰነጥቅ ችፌ ያመጣል። ብዙ ጊዜ የሚጠቃው ሽንኩርቱን የምንይዝበት እጅ ነው። ቃሪያና ሚጥሚጣም የተሰነጠቀ ቆዳን ያቃጥላሉ።

ጥቁር ሒና፦ ትክክለኛው ሒና የቅጠል ዱቄት ሲሆን ቀለሙ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ቡናማ ነው፤ ለመያዝም ሰዓታት ይወስዳል። ለሠርግና ለዒድ የሚቀባው በደቂቃዎች ውስጥ ጥቁር የሚሆነው «ሒና» ግን ብዙ ጊዜ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተቀላቀለበት ነው። ይህ ኬሚካል ፒፒዲ ይባላል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በፀጉር ማቅለሚያ ውስጥ እንኳ ፀጉር ላይ ሲደርስ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ የተወሰነ ነው፤ በቀጥታ ቆዳ ላይ መቀባቱ ደግሞ አይፈቀድም። በሒናው ሥዕል ልክ ውሃ የሚቋጥር ቁስል ሊያወጣ ይችላል። አንድ ጊዜ አለርጂ ያስነሳበት ሰው በቀሪው ዘመኑ ፀጉሩን በተቀባ ቁጥር ፊቱ ሊያብጥበት ይችላል። ሙሽሮችና የሙሽራ እናቶች ይህን ልብ ይበሉ።

ሽቶና ዐጥር፦ «አልኮል የለበትም» ማለት «አለርጂ የለበትም» ማለት አይደለም። ዐጥር የተጨመቀ የዕፅዋት ዘይት በመሆኑ አንገትና የጆሮ ሥር ላይ ችፌ ሊያስነሳ ይችላል። ሽቶ የሚወድ ሰው ቆዳው ላይ ሳይሆን ልብሱ ላይ ያድርግ።

ብረት፦ ኒኬል የተባለው ብረት በሒጃብ መርፌ፣ በርካሽ የጆሮ ጌጥና በቀበቶ ዘለበት ውስጥ ይገኛል። ከእምብርት በታች ወይም በጆሮ ጉትቻ ሥር የማይድን ችፌ ካለ ይህ ይጠርጠር።

እንዲሁም ላብ፣ የሱፍ ልብስ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ አየር፣ የእንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ያባብሱታል። ለችፌ ባለቤት ቀለል ያለ የጥጥ ልብስ ይመከራል። በዚህ ረገድ በሶሒሕ ሐዲስ እንደተዘገበው፣ ዙበይርና ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ማሳከክ ስለነበረባቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለወንዶች የተከለከለውን ሐር እንዲለብሱ ፈቅደውላቸዋል። ማሳከክ «ቻለው» ተብሎ የሚታለፍ ተራ ነገር አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ውዱእና ገላ መታጠብ

የቆዳ ሕመም ያለበት ሙስሊም የሚጨነቅበት ዋነኛ ጉዳይ ይህ ነው። በቀን አምስት ጊዜ እጅ፣ ፊትና እግር ሲታጠቡ የተሰነጠቀ ቆዳ ያማል። ሆኖም ችግሩ በአብዛኛው ውዱኡ ሳይሆን ከውዱኡ በፊትና በኋላ የምናደርገው ነው።

አንደኛ፣ ለውዱእ ሳሙና አያስፈልግም፤ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን እንጂ የሚያቃጥል አይሁን። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን አካል ግዴታው አንድ ጊዜ ማጠብ ነው፤ ሦስት ጊዜው ሱና ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል። ስለዚህ ቧንቧ ከፍቶ ለረጅም ደቂቃ መታጠብ ለቆዳም አይበጅም፣ ማባከንም ነው። ሦስተኛ፣ ውሃው በራሱ እንዲደርቅ መተው ቆዳን ይበልጥ ያደርቃል። በራስ ፎጣ ሳያሹ ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅና ወዲያው ቅባት መቀባት ይገባል። ትንሽ የቫዝሊን ዕቃ በኪስ ወይም በቦርሳ መያዝ ይህን ያቀላል። ቅባቱ ከውዱእ በኋላ ከተደረገ «ውሃ ወደ ቆዳ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?» የሚለው ጭንቀት አይነሳም። ወፍራም ቅባት ተቀብቶ ከነበረ ለሚቀጥለው ውዱእ በለብታ ውሃ አበስ ማድረግ ይቻላል።

ቁስሉ ከፍቶ ሐኪም ውሃ እንዳይነካው ቢከለክልስ? ሸሪዓችን ለሕመምተኛ ተየሙምን እንደፈቀደ በሱረቱ ኒሳእ 43ኛና በሱረቱል ማኢዳ 6ኛ አንቀጽ ተመልክቷል። የተጎዳው አካል ከፊሉ ብቻ ከሆነ ወይም በፋሻ የታሸገ ከሆነ ዝርዝሩን ለአካባቢያችሁ ዓሊም ጠይቁ። ሐኪሙ ምን እንዳዘዘም አስረዷቸው። በሕመም ተሸማቆ ከጀመዓ መቅረት ግን ተገቢ አይደለም።

ገላ ሲታጠቡም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ሳሙናው ሽቶ የሌለው ይሁን፤ ብብት፣ ብልት፣ እግርና በትክክል የቆሸሸ ቦታ ላይ ብቻ ይደረግ። በሻካራ ነገር መፈተግ ይቅር።

ዋናው መድኃኒት፦ ማለስለሻ ቅባት

ብዙዎች ቅባትን እንደ ማስዋቢያ ስለሚያዩት አያከብሩትም። ለችፌ ግን ቅባት የረገፈውን ግድግዳ መልሶ መምረግ ነው፤ ሌላው ሕክምና ሁሉ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው። ጥሩ ቅባት ውድ መሆን የለበትም። ሽቶ የሌለው ነጭ ቫዝሊን ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ገላ ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ጨርሶ ሳይደርቅ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ መቀባት ይመረጣል። በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ችፌው በሌለበትም ወቅት ሳይቋረጥ ይደረግ። መላ ሰውነቱ የሚደርቅ አዋቂ በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም ሊያስፈልገው ይችላል። በትንሽ ብልቃጥ ለወር የሚቆጥቡ ሰዎች ለምን እንደማይሻላቸው ከዚህ ይታወቃል። ቅባቱ በፀጉሩ አቅጣጫ ወደ ታች ይሳብ፤ ከትልቅ ዕቃ ሲወሰድም በንጹሕ ማንኪያ ይሁን።

ማስጠንቀቂያ፦ ቅባት የጠጣ ልብስና አንሶላ በእሳት በቀላሉ ይያያዛል። የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ስለዚህ አስጠንቅቋል። በከሰል ምድጃ፣ በቡናና በዕጣን አጠገብ የምትቀመጡ እናቶች ተጠንቀቁ፤ ልብሱንም ቶሎ ቶሎ እጠቡት።

የወይራ ዘይት (ዘይተ ዘይቱን) የተባረከ ምግብ ነው። ቆዳ ላይ ሲቀባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በአዋቂዎች ላይ ተሞክሮ የወይራ ዘይት የቆዳን አጥር እንደሚያዳክም አሳይቷል። የጥቁር አዝሙድ ዘይትም በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከባድ የንክኪ አለርጂ አስነስቷል። ሎሚና ነጭ ሽንኩርትማ ቆዳን ያቃጥላሉ፤ ሎሚ የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊላጥና ሊጠቁር ይችላል። እነዚህ በማዕድ ላይ ይሁኑ፤ በቁስል ላይ አይሁኑ።

የስቴሮይድ ቅባት፦ መድኃኒትም መርዝም

ችፌ ሲቆጣ ቅባት ብቻውን አይበቃም። ቁጣውን የሚያበርድ የስቴሮይድ ቅባት በሐኪም ይታዘዛል። ይህ መድኃኒት በትክክል ከተጠቀሙበት ይጠቅማል፤ አለአግባብ ከተጠቀሙበት ይጎዳል። በጉልበቱም ይለያያል፦ ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ ደካማ ነው። ቤታሜታዞን ቫለሬት 0.1 በመቶ ኃይለኛ ነው። ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ ደግሞ እጅግ ኃይለኛ ነው። ፊት፣ የዐይን ቆብ፣ ብብትና ብሽሽት ቆዳቸው ስስ ስለሆነ የሚታዘዝላቸው ደካማው፣ ለዚያውም ለጥቂት ቀናት ነው።

መጠኑን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ከቱቦው ጨምቀው ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ መስመር ድረስ ያለውን ርዝመት ያውጡ። ይህ ግማሽ ግራም ገደማ ሲሆን የሁለት መዳፍ ስፋት ያለው ቆዳ ይበቃዋል። ችፌው ላይ ብቻ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ቆዳው እስኪለሰልስ ድረስ ይቀባል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። በማለስለሻውና በመድኃኒቱ መካከል ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ልዩነት ይኑር። የቀረው ጥቁረት እስኪጠፋ ድረስ ስቴሮይድ መቀባት አያስፈልግም። በሌላ በኩል «ኮርቲዞን ይጎዳል» ብሎ ሙሉ በሙሉ መፍራትም ትክክል አይደለም፤ ሳይታከም የሚታከክ ችፌም ቆዳን ያበላሻል። ቶሎ ቶሎ ለሚመለስበት ሰው ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እየተቀባ እንዲጠብቅ ሊያዝ ይችላል።

ትልቁ አደጋ እነሆ፦ ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን በብዙ ገበያዎች «ፊት የሚያቀላ»፣ «ማዲያት የሚያጠፋ» እየተባሉ ያለ ማዘዣ ይሸጣሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ፊትን ያለሰልሳሉ፣ ያቀላሉ። ከወራት በኋላ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉርና ፀጉር ይወጣል፤ ሲተዉት ደግሞ ፊት ይነድዳል። በዐይን ዙሪያ ሲቀባ ለሞራና ለግላኮማ ያጋልጣል። ብዙ ሰውነት ላይ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ የሰውነትን የራሱን ኮርቲዞን ያደክማል። በተመሳሳይ ስቴሮይድ፣ የፈንገስና የጀርም መድኃኒት በአንድ ላይ የተቀላቀለበት ቅባት ጭርት ላይ ሲደረግ ማሳከኩን እየደበቀ ጭርቱን ያሰፋዋል። ለማሳከክ ተብሎ በየጊዜው ስቴሮይድ በመርፌ መወጋትም መልካም አይደለም፤ ኃይሉ ሲያልቅ ችፌው ብሶ ይመለሳል።

ለፊትና ለዐይን ቆብ ስቴሮይድ ያልሆነ ታክሮሊመስ የተባለ ቅባት አለ፤ ቆዳን አያሳሳም። በቅባት ለማይመለስ ከባድ ችፌ የብርሃን ሕክምና፣ በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶችና እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ዱፒሉማብ የተባለ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ወጥቷል። ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው። ለፎረፎር ዓይነቱ ኬቶኮናዞል ሻምፑ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለ5 ደቂቃ አቆይቶ መታጠብ ይረዳል።

ምግብስ?

«እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ተው» የሚል ምክር ያልሰማ የችፌ ሕመምተኛ የለም። እውነቱ ግን በአዋቂዎች ላይ ምግብ የችፌ ምክንያት የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። አንድን ምግብ በበላን በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ከንፈር ካበጠ፣ ሽፍታ ከወጣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ እርሱ የምግብ አለርጂ ነውና ወዲያው ሐኪም ይታይ። ይህ ሳይኖር በግምት ምግብ መተው፣ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት፣ ችፌውን ሳያድን ሰውነትን ያደክማል። እንደ መድኃኒት የሚሸጡ የፕሮባዮቲክ እንክብሎችም እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ እንዳመለከተው በችፌ ላይ ያን ያህል ለውጥ አያመጡም። ገንዘቡ ለቫዝሊን ቢውል ይሻላል። ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ እንቁላልና ዓሣ ያለበት የተለመደ ማዕድ ለቆዳም ለአካልም ይበጃል።

በረመዷንና በሐጅ

ቆዳ ላይ የሚደረግ ቅባት ጾም ያፈርሳል ወይ? የዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 በጅዳ ባደረገው ጉባኤ በቆዳ በኩል የሚገቡ ቅባቶች፣ ዘይቶችና ፕላስተሮች ጾም እንደማያፈርሱ ወስኗል። ስለዚህ «ጾም ይበላሽብኛል» ብሎ አንድ ወር ቅባት ማቋረጥ አያስፈልግም። በአፍ የሚወሰደው የአለርጂ እንክብል ግን ከኢፍጣር በኋላ ይሁን። እንቅልፍ የሚያመጣውን ዓይነት የወሰደ ሰው መኪና አይንዳ።

ለሐጅና ለዑምራ የሚሄድ የችፌ ባለቤት ሽቶ የሌለው ቅባትና ሳሙና ከወዲሁ ያዘጋጅ፤ በኢሕራም ሽቶ የተከለከለ ነውና። ጢምንና ፀጉርን ስለመቀባት መዝሀቦች ስለሚለያዩ ከጉዞ በፊት ዓሊም ይጠየቅ።

መቼ ወደ ሐኪም?

የሚከተሉት ምልክቶች ቀጠሮ አይሰጡም።

- ቢጫ ቅርፊት፣ መግል፣ ሕመም ወይም ትኩሳት ሲኖር፤ ጀርም ገብቷል ማለት ነው።
- በአንድ መጠን የተበሱ የሚመስሉ፣ የሚያሙ ጥቃቅን ቁስሎች በድንገት ሲፈሉና ትኩሳት ሲመጣ፤ ይህ ምች የሚያመጣው ቫይረስ በችፌው ላይ ሲሰራጭ የሚከሰት አደገኛ ነገር ነው።
- መላ ሰውነት ሲቆጣና ሲላላጥ።
- በአንዱ ጡት ጫፍ ላይ ብቻ ወጥቶ በቅባት የማይድን ችፌ ሲኖር፤ የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ይመርመር።
- ከዚህ ቀደም ችፌ የማያውቅ ጎልማሳ ወይም አዛውንት መላ አካሉን ማሳከክ ሲጀምረው፤ የውስጥ ሕመም ወይም የሚወስደው መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ውጭ በ2 ሳምንት ሕክምና ያልተሻለው ሰው ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂድ። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ሆስፒታልና በደሴ አቅራቢያ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ይታወቃሉ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ እስካሁን የተቀባችሁትን ሁሉ፣ ስሙን የማታውቁትንም ቱቦ ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ። «ዐይን ነው፣ ሲሕር ነው» በሚል ወራት የሚያሳልፉም አሉ። ዱዓእና ቁርኣን መቅራት ሕክምናን አያስቀሩም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ችፌ ብዙ ጊዜ ተነቅሎ የሚጠፋ ሳይሆን በጥንቃቄ የሚያዝ ሕመም ነው። ቆዳውን በየቀኑ የሚያለሰልስ፣ ቀስቃሹን የሚያርቅና መድኃኒቱን በልኩ የሚጠቀም ሰው ዓመቱን በሰላም ሊያሳልፍ ይችላል። ችፌ የሌለብን ደግሞ አንድ ድርሻ አለብን፦ እጁ የሻከረ ወንድማችን ሰላምታ ሲያቀርብልን እጃችንን አንሰብስብ፤ ቤታችን የምትሠራ እህት ካለችም ጓንትና ቅባት እንግዛላት።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙት ሁሉ ሙሉ ጤና ያድልልን።